የጎንደር ጠላ ቤት ደንበኛ እንዴት ይኮናል?

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣ ልጅ አለ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን "ለመሆኑ እዚህ አገር ማታ ማታ ምን ይደረጋል?" አለኝ። ፋሲል ግቢን አይቶ ጨርሷል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አንገቱ እስኪያመው ቀና ብሎ አይቷል። ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቷል። ከዚያ ወዲያ ማታ ሥራው አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ መነካካት ሆኗል።

"ጠላ ቤት ያዝ" አልኩት።

"ጠላ አልወድም" አለኝ።

ስለ ጠላ መች አወራሁ!

ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። ጎንደር ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ 11ዱን የአንድ ጠላ ቤት ደንበኛ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ቤቱ ከቅዳሜ ገበያ አለፍ ብሎ አንድ ቅያስ ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። አንደኛ ነገር ስም የለውም። ሁለተኛ፣ ከግድግዳው ጋር የተገጠመው አግዳሚ ስድስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።

ቤቱን ስለማግኘት

ጠላ ቤት ማስታወቂያ አይለጥፍም። በር ላይ ቀጠን ያለ እንጨት ይቆማል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። በቃ። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ጣሳው ከወረደ ወይ አልቋል ወይ ገና አልደረሰም፤ አታንኳኩ።

ለመሥሪያ ቤታችሁ የሚቀርበውን ትታችሁ ለመኖሪያችሁ የሚቀርበውን ፈልጉ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንዱ እግር ነው፤ ማታ ስትመለሱ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሰው ነው። መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለው ቤት ውስጥ የምታገኙት ቀን አብሯችሁ የዋለውን ፊት ነው። የአለቃችሁን ሐሜት ቢሮ ጀምራችሁ ጠላ ቤት ትጨርሱታላችሁ። ለዚህ ለዚህ ምን አስወጣችሁ?

የመጀመሪያ ቀን በሥራ ቀን ሂዱ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ 10 ሰዓት ገደማ። ቅዳሜ እንዳትሞክሩት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ እህል ጭኖ የመጣው ሁሉ ሸጦ ሲጨርስ ጉሮሮውን ሊያርስ ይገባል። ደጁ በአህያ ይሞላል። እህል የሸጡ እናቶች ጥግ ይዘው ሁለት ሁለት ጣሳ ይጠጡና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ከፍለው ይነሳሉ። ደስ የሚል ቀን ነው። ግን ባለቤቲቱ የእናንተን መልክ የምትይዝበት ጊዜ የላትም።

ስትገቡ መጀመሪያ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የወይራ ጭስ ከሸተታችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ ጣሳው የት እንደሚታጠብ እዩ። አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየተነከረ የሚወጣ ከሆነ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ። ከዚያ የተቀመጡትን ሰዎች እዩ። ሁሉም እኩያ ከሆኑ፣ ሁሉም ወጣት ወይም ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ ከሆኑ፣ ያ ቤት የጓደኛሞች ቤት ነው፤ ለእናንተ ቦታ የለውም። እኛ ቤት ጫማ ሰፊ አለ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ እኔ አለሁ። ከጠላው በቀር አንድ የሚያደርገን ነገር የለም።

ስትገቡ

በር ላይ ስትደርሱ የተቀመጡት ከመቀመጫቸው ብድግ እንደማለት ይሉና "ኖር!" ይሏችኋል። መልሱ "በእግዜር!" ነው። ወዲያው፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ እጅን ወደ ታች እያሉ "ኧረ ተቀመጡ!" ዓይነት። የከተማ ልጅ ይህን አያውቅም። "ሰላም ነው" ብሎ ገብቶ ዘጭ ይላል። ማንም አይቆጣውም፤ ግን እስኪወጣ ድረስ እንግዳ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲገባ እናንተም ብድግ ማለት አለባችሁ። ስልካችሁን እያያችሁ ግማሽ ቂጣችሁን ብታነሱ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ወደ መቀመጫ።

መጀመሪያ ቀን የገባሁ ጊዜ ከምሰሶው አጠገብ ባዶ ቦታ አየሁና ተቀመጥኩ። ጀርባ የሚያስደግፍ ጥሩ ቦታ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ረዘም ያሉ ሰውዬ ገቡ። "ኖር" ተባሉ። ዙሪያውን አዩ። ሌላ ቦታ ነበር፣ አልተቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው ጠጥተው ወጡ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ማንም ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር ተመትታ አየሁ፤ ምስማሯ ላይ የሰም ክር ተንጠልጥሏል። ሰውየው ጫማ ሰፊ ናቸው። ወስፌያቸውን የያዘውን ቦርሳ የሚሰቅሉባት ምስማር ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ ቦርሳቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ቆመው የጠጡት። አፈርኩ። ተነስቼ በሩ አጠገብ፣ ብርድ የሚመታው ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። አሁን እዚያ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ቅር ይለኛል።

እናም ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀን መጥፎውን ቦታ ምረጡ። ባለቤት የሌለው ቦታ ሁልጊዜ መጥፎው ነው።

ስትጠጡ

"ጠላው ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። እናት ልጇን መጥፎ ነው ትላለች? "ደርሷል?" በሉ። ይህ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። "ገና ጉሽ ነው" ካለቻችሁ ተጠንቀቁ፤ ያልጠራው፣ ድፍርሱ ማለት ነው። ሆድ ይነፋል። የሚወዱት አሉ፣ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ጠርቶ የተቀዳው ለስላሳ ነው። ፊልተር የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ቅራሪ ደግሞ ዋናው ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ነው። ቀጭን ነው፣ ጥማት ይቆርጣል፣ ሾፌር የሆነው ደንበኛችን ከዚያ ሌላ አይነካም።

አንዳንድ ቤት ኮረፌም ታገኛላችሁ። ይህ የዚህ አካባቢ መጠጥ ነው፣ በተለይ የቅማንት ሰዎች የሚታወቁበት። ወፍራም ነው፣ እየፈላ ነው የሚጠጣው። ምሳ ካልበላችሁ አንድ ጣሳ ምሳችሁ ነው። ሁለት ጣሳ ከሆነ እራታችሁም ነው።

ባለቤቲቱን ሁላችንም እትየ ነው የምንላት። እትየ ጣሳውን ሞልታ ስታመጣ ጠብ ታደርግና ከመዳፏ ላይ ቀምሳ ትሰጣለች። የድሮ ወግ ነው፤ የሰጠሁህ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ብዙ ቤት ቀርቷል። ከዚያ አጠገባችሁ ቆሎ ይመጣል። ቆሎውን ብቻችሁን አትብሉ። ሰሐኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። በዚህች እንቅስቃሴ ብቻ ሦስት ሰው ትተዋወቃላችሁ።

ጣሳ ባዶውን ከተቀመጠ "ቅጂልኝ" ማለት ነው። እትየ ጆጉን ይዛ ስትዞር ባዶ ጣሳ ካየች ትሞላለች። አይበቃህም ወይ ብላ አትጠይቅም። ስለዚህ ሲበቃችሁ መዳፋችሁን ጣሳው አፍ ላይ ግጠሙት። እሷም "በሞቴ!" ትላለች። አንድ ጊዜ "በሞቴ" ስትባሉ ትንሽ አስቀዱ። ሁለተኛ ስትባሉ እጃችሁን አታንሱ። ሦስተኛ ከተባላችሁ ቆማችኋል፣ ነጠላችሁን ወይ ጃኬታችሁን ይዛችኋል ማለት ነው። ይህንን ካላወቃችሁ ከጠላ ቤት የምትወጡት በእትየ ፈቃድ ነው።

ሲጠመቅ ማየት

አንድ እሑድ ጠዋት ስትጠምቅ ላግዛት ሄድኩ። ደንበኛ መሆን የሚፈልግ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጠላ ተውኩ ብሎ ግማሽ ጣሳ የሚደፋ ሰው ታዩና ልባችሁ ይቃጠላል።

ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል። ደጋግሞ። ከዚያ የወይራ ፍም ላይ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ግቢው በሙሉ ይጨሳል፣ ጎረቤት ሁሉ እትየ ልትጠምቅ ነው ብሎ ያውቃል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ እንኩሮው ነው። ዱቄት በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየታመሰ ይበስላል፤ ቡናማ እስኪሆን፣ ሽታው ጎረቤት እስኪደርስ። ይህ ሁሉ ከተቀላቀለ ድፍድፍ ይባላል። የጋኑ አፍ ይታሸጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ውኃ ይሞላበታል።

ለእኔ የተሰጠችኝ ሥራ እንኩሮ ማመስ ነበረች። ስልክ ተደወለልኝ። የተደወለው ከቢሮ ነው፣ እሑድ ቀን! ዘወር ስል እንኩሮው አረረ። እትየ አየችው፣ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፤ ዱቄት ውድ ነውና ጨመረችው። ያ ጠላ እንደ ቡና ጠቁሮ ወጣ። ጋኑ እስኪያልቅ ድረስ "የሒሳብ ሹሙን ጠላ ቅጂልኝ" እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ያን ሰሞን ነው ስሜን የያዙት። ማለትም ስሜን ሳይሆን፣ ሒሳብ ሹሙ መሆኔን።

ሌላ አቋራጭም አለ። ውኃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ድፍድፉ ደርሶ ውኃ ከጠፋ የአንድ ሳምንት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ውኃ የመጣ ቀን እትየ ጀሪካን ስትጎትት ካያችሁ ተቀበሏት። አትጠይቁ፣ ተቀበሉ። ሁለት ጀሪካን ከስድስት ወር ምልልስ ይበልጣል።

የከሰሉ መዝገብ

እትየ ፊደል አልቆጠረችም። የዱቤ መዝገቧ የጓዳው በር ነው። በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከኋላው በከሰል ተጽፎ ሞልቷል። ለያንዳንዱ ደንበኛ ምልክት አለው። ለጫማ ሰፊው ወስፌ ሥላለች። ለባጃጅ ነጂው ሦስት ክብ። ለቲቸር መነጽር፤ ጡረታ ቢወጡም እዚያ ቤት ስማቸው ቲቸር ነው። ለእኔ እስክሪብቶ። ከምልክቱ ሥር ለአንድ ጣሳ አንድ ጭረት ትጭራለች፣ ለቆሎ ነጥብ ታደርጋለች። ደመወዝ ሲወጣ ስትከፍሉ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ምልክቷን ግን አትነካትም።

በሙያዬ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ። እንደዚህ በር ያለ ንጹሕ ሒሳብ አላየሁም። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የበሩ ግማሽ ታጠበ። እትየ በሩ ፊት ቆማ የያንዳንዳችንን በቃሏ ነገረችን። አንድም ሰው አልተከራከረም።

አንድ ጊዜ ግን እኔ ተከራክሬያለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ መሰለኝ። "ዛሬ አራት ነው የጠጣሁት፣ ስድስት ጭረሻል" አልኳት። ቤቱ ጸጥ አለ። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ሁለቱን ለጫኝ አውራጁ አልጋበዝክም?" አሉኝ። ለካ ጋብዤ ነበር! ልጁ ከባድ ጭነት አራግፎ ደክሞት ሲገባ "ለእሱም ቅጂለት" ብያለሁ፣ ረስቼዋለሁ። ከፈልኩ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ እመለስበታለሁ።

ዱቤ ስትጀምሩ ራሳችሁ አትጠይቁ። በካሽ ክፈሉ። አንድ ቀን ዝርዝር ያጣችሁ ጊዜ እትየ ራሷ "ይቆይ" ትላለች። ያቺ "ይቆይ" ትልቅ ነገር ናት። በማግስቱ ግን ሳይነጋ ክፈሉ። እንዲያ ነው ምልክት የሚገኘው።

ስታወሩ

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ብቅሉ ይሥራ፤ እናንተ አትቆስቁሱ። ሰው ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዕዳው ራሱ ካላነሳ አይጠየቅም። የሰማችሁትም እዚያው ይቀራል። አንድ ልጅ የቲቸርን ወሬ በስልኩ ቀርጾ ወስዶ ነበር፤ ክፉ አስቦ አይደለም፣ አስቆት ነው። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ጠላ ያልቃል።

ቲቸር የሚያወሩት አንድ ታሪክ ነው። ወጣት ሳሉ ወገራ ገጠር ያስተምሩ ነበር። የፈተና ወረቀት በበቅሎ ጭነው ሲመለሱ ጅብ መጣ። በቅሎዋ ደንብራ ጭነቱን ጣለችው፣ ጅቡ የቆዳ ቦርሳውን ከነወረቀቱ በላው። የሰማሁት ከሃያ ጊዜ አያንስም። መጀመሪያ ጅቡ አንድ ነበር። አሁን ሦስት ደርሰዋል። እርማት ለማድረግ የሞከረ አዲስ ሰው ሁሉ ይቀዘቅዝበታል። ሦስት ናቸው ሲሏችሁ ሦስት ናቸው። መጨረሻ ላይ "ታዲያ ተማሪዎቹን ምን አደረጓቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሁሉንም አሳለፍኳቸው! ጅብ ያረመውን ማን ይጥላል?" ይላሉ። ያኔ ሳቁ። እኔ እስካሁን የምስቀው ከልቤ ነው።

ኳስ ሁልጊዜ ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ የት ነበርክ የሚለው ጥያቄ ብቻ አንድ ማታ ይሞላል። እኔ እዚያው በር አጠገብ ነበርኩ። ጫማ ሰፊው፣ ኳስ አልወድም ባዩ ሰውዬ፣ የወስፌ ቦርሳቸውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ሲጨፍሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሴቶች ጠላ ቤት ይቀመጣሉ ወይ ብላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠይቃኛለች። ይቀመጣሉ። የገበያ ቀን በተለይ። በሥራ ቀን ማታ ብቻዋን የምትመጣ ወጣት ሴት ግን ዓይን ይበዛባታል፣ ይህን አልዋሽም። እትየ አጠገብ፣ ጓዳው በር ጋ ያለችው ዱካ ለእንዲህ ያለው ቀን ናት። እዚያ የተቀመጠችን ሴት ማንም ቀና ብሎ አያናግራትም።

አዝማሪው ሲመጣ

እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ መሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ አዝማሪ አለ። ፊታችሁ ይቆምና ያያችኋል። ልብሳችሁን፣ ጫማችሁን፣ አቀማመጣችሁን። ከዚያ ስለእናንተ ይገጥማል። አትደናገጡ፣ አትሽኮርመሙም። ግጥሙ ሁለት ፊት አለው፤ ያመሰገናችሁ ሲመስል እየሸነቆጣችሁ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሲስቅ ካያችሁ ሁለተኛው ፊት ነው የተያዘው፤ አብራችሁ ሳቁ። በመሐል ደንበኛው "ተቀበል!" ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል።

ያ የስድስት ጣሳው ክርክር በተነሳ ሳምንት እሑድ ነው። አዝማሪው ፊቴ ቆመ። ጫማ ሰፊው ከምሰሶው ሥር ጠቀሱት፣ ጆሮው ላይ አንዳች ነገር አንሾካሾኩ። መሲንቆው አንዴ አለቀሰና፦

የሰው ገንዘብ ቆጥሮ አንድም ሳይስት ዋለ፣
የጠጣውን ስድስት አራት ነው እያለ።

ቤቱ ተገለበጠ። እትየ ጆጉን አስቀምጣ በነጠላዋ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። እኔ ተነስቼ አንድ የብር ኖት ምራቄን ቀባ አድርጌ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። አኩርፌ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በማግስቱ ስገባ ጫማ ሰፊው "ኖር" ሲሉኝ ሙሉ በሙሉ ተነስተው ነው።

ግሮሰሪና ጠጅ ቤት፣ ባጭሩ

ጠላ ፈጽሞ የማይሆንላችሁ ከሆነ ግሮሰሪ ያዙ። ጎንደር የዳሸን ቢራ አገር ናት፣ ፋብሪካው እዚሁ ነው፤ ድራፍት ለማግኘት አትቸገሩም። የግሮሰሪ ደንበኛ መሆን ቀላል ነው፦ አንድ ወንበር፣ አንድ አስተናጋጅ፣ ትንሽ ጉርሻ፣ በሁለት ሳምንት "የተለመደው?" ትባላላችሁ። ችግሩ አስተናጋጇ ሌላ ሥራ ስታገኝ ደንበኝነታችሁም አብሮ መሄዱ ነው። ሙዚቃውም ይጮኻል።

ጠጅ ቤት ለእሑድና ለእንግዳ ነው። ብርሌውን አንገቱን ያዙት፣ ሆዱን አይደለም። ጠጅ ራስን ሳይሆን እግርን ነው የሚይዘው፤ ተቀምጣችሁ ደህና ናችሁ፣ ስትነሱ ነው ጉዱ። አረቄ ከማያውቁት ቤት ፈጽሞ አይጠጣም። ሌላ የምለው የለኝም።

በጾምና በሌላ ቀን

ሁዳዴ ሲገባ አግዳሚው ይሳሳል። ጠላ የጾም ነው፤ ቢሆንም የሚጾመው ሰው ከ9 ሰዓት በፊት አፉን አይከፍትም፤ 55ቱን ቀን ጨርሶ የሚተዉም አሉ። ቲቸር ይተዋሉ። ግን በየቀኑ መጥተው ይቀመጣሉ። ውኃ በጣሳ ይጠጣሉ። እትየ ለውኃው ጭረት አትጭርም።

ቀሪው ነገር ከጠላው ውጭ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ትደርሳላችሁ። የእትየ ልጅ ስትዳር ወንበር ትሸከማላችሁ። ሦስት ቀን ስትጠፉ ልጅ ይላክባችኋል። እኔ አንዴ ታይፎይድ ይዞኝ ተኝቼ፣ ባጃጅ ነጂው በሬ ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። "እትየ ይሙት ይዳን አይታችሁ ኑ ብላ ነው" አለኝ። ከኪሱ ሎሚ አወጣ።

ለትንሣኤ ቅርጫ አለን። በሬ በጋራ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ መደብ መደብ ይደረጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እኔ ሥጋዬን ከልኳንዳ ነበር የምገዛው። በሦስተኛው ዓመት፣ ያ ግጥም በተገጠመብኝ ዓመት፣ ሰሞነ ሕማማት ላይ ጫማ ሰፊው "መደብ ስንት ነው የሚሆነው?" ብለው ጮክ ብለው ቆጠሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አላቆሙም። "...አምስት፣ ስድስት" ብለው አለፉ።

ከአዲስ አበባ የመጣውን ልጅ ባለፈው ማክሰኞ ይዤው ሄድኩ። "ኖር" ሲባል "በእግዜር" አለ፤ መንገድ ላይ አስጠንቼዋለሁ። አጠገቤ፣ ከእኔ የባሰ ብርድ የሚመታው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ አሸተተ። ተጎነጨ። ፊቱን አጨማደደ። ቲቸር ጀመሩ፤ ጅቦቹ ሦስት ነበሩ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና "ታዲያ ተማሪዎቹን ምን አደረጓቸው?" አለ። ይህቺን እኔ አላስጠናሁትም።

ሐሙስ ብቻውን ሄዷል። ቅዳሜ ደግሞ፣ አትሂድ ያልኩትን ቀን፣ ሄዶ ለአህዮቹ መንገድ ሲያስለቅቅ አመሸ አሉ።

ትናንት ስንወጣ ኪሱን ቢዳብስ ዝርዝር የለውም። እትየ "ይቆይ" አለችው። ከምድጃው ከሰል አነሳችና ወደ ጓዳው በር ዞራ "ለዚህ ልጅ ምን ላድርግለት?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስልክ" አልኳት። ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለች፣ ከሥሯ አንድ ጭረት ጫረች።

"ሁለት ነው እኮ የጠጣው" አልኳት።

ዘወር ሳትል አንዷን እስክሪብቶው ሥር ጫረቻት።